ሁለተኛውን ቤት ከመክፈታችሁ በፊት፦ ሥራን በልኩ የማሳደጊያ መመሪያ

በ2014 አዲስ አበባ፣ ሰሚት ሰፈር ሁለተኛ የእንጀራ መጋገሪያ ከፈትኩ። በሰባተኛው ወር ዘጋሁት። ሰው ሲጠይቀኝ «ገበያው ቀዝቅዞ ነው» እል ነበር። ውሸቴን ነው። ደንበኛ ሞልቶ ነበር። ያለቀው ብሩ ነው፣ የደከመው ሰዉ ነው። ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ ደግሞ ጎተራ ሰፈር ያለው የመጀመሪያው ቤት፣ ስሙን ያተረፈው ቤት፣ እንጀራው መበላሸት መጀመሩ ነው።

ይህን የምጽፈው ካፌ፣ ጋራዥ፣ ልብስ ስፌት፣ ፋርማሲ ወይም እንደኔ መጋገሪያ ኖሯችሁ «አሁንስ ላስፋፋው» እያላችሁ ላላችሁ ነው። ምሳሌዬ ሁሉ እንጀራ ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ምጣዱን በራሳችሁ ዕቃ ተኩት። ያለ ባለቤቱ መሥራት ያልቻለ ቤት፣ ሁለተኛ ሲከፈትለት የሚባዛው ችግሩ ነው። እኔ የተማርኩት ይህንን ነው፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሌላ ነገር። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። እኔ ከስድስተኛው ነበር የጀመርኩት፤ ብር አግኝቼ ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ።

1. አሥር ቀን ጥፉ

ቀልድ አይደለም። አሥር ቀን ሥራ ቦታችሁ አትሂዱ። ስልካችሁን አትዝጉ፤ ይደወልላችሁ። ግን መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄውን ደብተር ላይ ጻፉት። ማን ደወለ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ፈለገ።

እኔ ይህን ያደረግኩት ሰሚትን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 14 ጊዜ ተደወለልኝ። ደብተሩ አሁንም አለ። ከውስጡ ልገልብጥላችሁ፦

«ጤፍ የጫነው ሰውዬ መጥቷል፣ ብሩን ከየት እንስጠው?»
«ሆቴሉ 40 እንጀራ መለሰ፣ እንቀበል?»
«ሦስተኛው ምጣድ አልሞቅ ብሏል፣ ኤሌክትሪሻኑን እንጥራ?»
«አንዷ ልጇ ታሞባት ልትሄድ ነው፣ ትሂድ?»
«የማዳበሪያ ከረጢት አልቋል፣ እንግዛ?»

በአሥረኛው ቀን ቁጭ ብዬ በሦስት ከፈልኳቸው። ብር የሚጠይቁ፣ ፈቃድ የሚጠይቁ፣ ዕውቀት የሚጠይቁ። ዕውቀት የሚጎድላቸው ይመስለኝ ነበር፤ ሠራተኛ ማሠልጠን አለብኝ ስል ነበር የከረምኩት። የሚበዛው ግን ፈቃድ ሆኖ ተገኘ። ልጇ የታመመባት እናት ትሂድ ወይስ አትሂድ ለሚለው መልሱን የማያውቅ ሰው የለም እኮ። ያውቁታል፣ ግን አንድ ጊዜ በራሳቸው ወስነው እኔ ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይወስናል? ጥፋቱ የኔ ነበር።

ስለዚህ ለሦስቱም መልሱ ይለያያል። ብር ለሚጠይቁት በየሳምንቱ የሚሞላ ትንሽ ካዝና ተዉላቸው፣ ደረሰኝ እያስቀመጡ ይጠቀሙበት። ፈቃድ ለሚጠይቁት ገደብ ስጧቸው፤ እሱን አምስት ላይ እመለስበታለሁ። ዕውቀት ለሚጠይቁት ደግሞ ቀጣዩን አንብቡ።

ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ጥፉ። ስልኩ በቀን ከአንድ ሁለቴ በላይ የሚጮህ ከሆነ ስለ ቅርንጫፍ አታውሩ።

2. እጅ የሚያውቀውን ወረቀት ይወቀው

የጎተራው ቤት ዋና ጋጋሪ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሰሚት ሲከፈት «ጥሩ ሰው አዲሱ ቤት ይሂድ» ብዬ እሳቸውን ወሰድኩ። አስተዋይ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከጎተራ እንጀራ ይመለስ ጀመር። ዓይን የለውም፣ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ይደርቃል። ጤፉ ያው ነው፣ ምጣዱ ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው። የተለወጠው አብሲቱን (ከቡኮው ተቀንሶ በስሎ የሚመለሰውን ሊጥ) የሚያወጣው እጅ ብቻ ነው። እትዬን ሄጄ «ስንት ሊጥ ነው ለአብሲት የሚወስዱት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በዓይኔ ነው የማውቀው፣ በኪሎ ጠይቀኸኝ አታውቅም» አሉኝ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳቸውም።

ሚዛን ገዛሁ። ለሁለት ሳምንት እሳቸው እንደ ወትሯቸው ይሠራሉ፣ አንዲት ልጅ ከጎናቸው ቆማ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች። ዱቄቱ ስንት ኪሎ፣ ውሃው ስንት ሊትር፣ እርሾው ስንት ጣሳ፣ ቡኮው ስንት ሰዓት ተቀመጠ፣ ከላይ ያቀረረው ውሃ መቼ ተደፋ፣ አብሲቱ ከተመለሰ በኋላ ኩፍ እስኪል ስንት ደቂቃ ፈጀ። ክረምት ላይ ደግሞ ሁሉንም እንደገና ጻፍነው፣ በብርድ ቡኮው ይዘገያልና። ዛሬ ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል፤ አንዱ የበጋ፣ አንዱ የክረምት። በስልክ የቀረጽናቸው አጫጭር ቪዲዮዎችም አሉ፣ አንዳቸውም ከሁለት ደቂቃ አይበልጡም፤ ከዚያ ከረዘመ ማንም አያየውም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አለ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር በድምፁ የሚያውቅ፣ ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን የሚያውቅ፣ ቢሮ ውስጥ የትኛው ደንበኛ ዘግይቶ እንደሚከፍል በቃሉ የያዘ። መጀመሪያ እሱን ጻፉት። በነገራችን ላይ ሰውየው «ዕውቀቴን ወስደው ሊያባርሩኝ ነው» ብሎ ሊሰጋ ይችላል፣ ልክም ነው። ጭማሪውን ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ስጡት፣ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ይህ የትንሽ ቤት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካውን የቡና ቤቶች ድርጅት ስታርባክስን ውሰዱ። የቦርድ ሊቀመንበሩ ሃዋርድ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ለሥራ አስፈጻሚዎቹ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ካማረረባቸው ነገሮች አንዱ ቤቶቹ ቡና ቡና አለመሽተታቸው ነበር። ለፍጥነት ሲባል ቡናው በታሸገ ከረጢት መምጣት ስለጀመረ ሽታው ጠፋ። ቡና ቤት ቡና ካልሸተተ እንግዲህ ምን ቀረ! እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ወደ ሥራ አስፈጻሚነቱ ተመለሰ፣ በየካቲት አሜሪካ ውስጥ ያሉ 7,100 ገደማ ቤቶችን ለአንድ ምሽት ዘግቶ ኤስፕሬሶ አቀዳድን እንደገና አሠለጠነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 600 ቤቶችን እንደሚዘጉ አስታወቁ። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት እንኳ ሲሮጥ የታጠቀው ሲሮጥ ተፈቶበታል።

3. የአንዷን ዋጋ እወቁ

ብዙዎቻችን ወር ላይ ካዝና ውስጥ የቀረውን ቆጥረን «አትርፌያለሁ» እንላለን። የአንድ እንጀራ፣ የአንድ ማኪያቶ፣ የአንድ ቀሚስ ዋጋ ግን አናውቅም። እስቲ አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመች አድርጌ የወሰድኳቸው ናቸው፣ በራሳችሁ ተኳቸው።

አንድ እንጀራ በ25 ብር ትሸጣላችሁ እንበል። ጤፉ 14 ብር። መብራትና ውሃ 1 ብር። ደሞዝ 3 ብር። ማጓጓዣ 1 ብር ከ50። ኪራይ 2 ብር። የተመለሰና የተበላሸ 1 ብር። ድምሩ 22 ብር ከ50፣ የሚቀረው 2 ብር ከ50። በቀን 1,000 እንጀራ፣ በወር 26 ቀን ብትሠሩ 65,000 ብር ይቀራል ማለት ነው።

አሁን የእናንተን ደሞዝ ቀንሱ። አዎ፣ የእናንተን። ባለቤት ደሞዝ የለውም የሚባለው ነገር ቤት ያፈርሳል። እናንተ የምትሠሩትን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ስንት ይከፈለዋል? 30,000 ብር ካላችሁ፣ የሥራው ትርፍ 35,000 ሆነ፣ ግብር ገና ሳይነካው። ቅርንጫፍ ስትከፍቱ ያንን ሌላ ሰው በእርግጥ መቅጠራችሁ አይቀርም፣ ስለዚህ ደሞዙ ዛሬ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ነው ቅናሽ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባችሁ። አንድ ትልቅ ሆቴል መጥቶ «በብዛት እወስዳለሁ፣ 1 ብር ከ50 ቀንሱልኝ» ይላል። ከ25 ብር ላይ 1 ብር ከ50 ምንም አይመስልም፤ 6 በመቶ ነው። ከ2 ብር ከ50 ላይ ግን 60 በመቶ ነው! ትርፋችሁን ከግማሽ በላይ ሰጥታችሁ በሳቅ ትሸኙታላችሁ። እኔ ሸኝቻለሁ፣ በር ድረስ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የጤፍ ዋጋ ብዙ ጊዜ አዲሱ ምርት ሲገባ ይረግባል፣ ክረምት ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ይህን ሒሳብ በጥር ሠርታችሁ በነሐሴ አትመኑት። የምትጠቀሙት ዕቃ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው የማሽን ዋጋ ዕቅድ የሠራ ሁሉ እንደገና መጀመር ነበረበት። በየሦስት ወሩ አስሉ።

4. ዕድገት ጥሬ ብር ይበላል

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን የጣለኝ ይህ ነውና።

ጤፍ የምገዛው እህል በረንዳ፣ በእጅ በእጅ ነው። ዛሬ ከፍዬ የጫንኩት ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ተጋግሮ ከቤት እስኪወጣ ቀናት ይፈጃል። ከዚያ ሆቴሉ ይወስደዋል፣ የሚከፍለው በ30 ቀን ነው፣ እሱም ሒሳብ ክፍሉ «ፈራሚው የለም» ካላለ። በመካከሉ ደሞዝ አለ፣ ኪራይ አለ፣ መብራት አለ።

ከላይ ባለው ሒሳብ ሆቴሉ በቀን 500 እንጀራ ጨመረ እንበል፣ ያለ ቅናሽ። ለዚህ በቀን 11,250 ብር ታወጣላችሁ። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪመጣ 26 የሥራ ቀን አለ። 292,500 ብር ከኪሳችሁ ወጥቶ ሰው ቤት ተቀምጧል። ከዚያ ደንበኛ በወር የምታተርፉት ስንት ነው? 500 ሲባዛ በ2 ብር ከ50 ሲባዛ በ26፣ 32,500 ብር። ስታካፍሉት ዘጠኝ ወር ይመጣል። ያንን ደንበኛ በዱቤ ለመያዝ ያወጣችሁትን ብር ከሱ በምታገኙት ትርፍ ለመመለስ ዘጠኝ ወር ይፈጃል ማለት ነው። በወረቀት አትራፊ ናችሁ፣ እጃችሁ ላይ ግን የደሞዝ ብር የለም።

እኔ ሰሚት ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ደንበኞች በአንድ ወር ፈረምኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ቤተሰብ ሰብስቤ ሁሉ አከበርኩ። በአራተኛው ወር ለደሞዝ ብር ተበደርኩ።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ አንድ ወረቀት አዘጋጁ፣ ኤክሴልም ይሆናል። አሥራ ሦስት ሳምንት ወደፊት። በየሳምንቱ የሚገባ ብር፣ የሚወጣ ብር፣ የሚቀር። «ይከፈለኛል» ያላችሁትን ሳይሆን ደንበኛው በልማዱ የሚከፍልበትን ቀን ጻፉ። የሚቀረው ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሳምንት ካለ፣ አዲሱን ውል አሁን አትፈርሙ፣ ወይም የክፍያ ጊዜውን ለውጡት።

የክፍያ ጊዜ ደግሞ ይለወጣል፤ ብዙዎቻችን ስለማንጠይቅ ነው። «በየሳምንቱ ቅዳሜ በቴሌብር ከከፈላችሁ 30 ሳንቲም እቀንሳለሁ» ማለት ይቻላል፤ ከ1 ብር ከ50 ቅናሽ በእጅጉ ይሻላል። የአንድ ሳምንት ቀብድ መጠየቅ ይቻላል። የዱቤ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጣሪያው ሲሞላ መኪናው አይጫንም፣ ባለቤቱ ወንድማችሁም ቢሆን። ጤፍ ነጋዴውም ቢሆን ሁለት ዓመት በእጅ በእጅ ከገዛችሁት የሳምንት ዱቤ አይከለክላችሁም። እኔ ስጠይቀው «እስካሁን የት ነበርክ?» ነው ያለኝ።

አንድ ደንበኛ ደግሞ ከሽያጫችሁ ሲሶ በላይ አይያዝ። ከያዘ አለቃችሁ እሱ ነው።

5. ሰው

ጎበዝ ጋጋሪ ጎበዝ ኃላፊ ነው የሚለውን እርሱት። እትዬ በእጃቸው ወደር የላቸውም፣ ሰው ማዘዝ ግን ይጨንቃቸዋል፤ ስህተት ሲያዩ ተናግረው ከማስቀየም ራሳቸው ደግመው ይጋግሩታል። ለኃላፊነት የሆነችኝ ጋጋሪ ሆና የማታውቅ፣ ተመላሽ የምትመዘግብ ልጅ ናት። ለምን እሷ? ሁልጊዜ ችግሩን ስትነግረኝ መፍትሔ ይዛ ነበር የምትመጣው፣ «አርባ ተመልሷል፣ ሃያው ድርቆሽ ይሆናል፣ ሃያውን ሾፌሩ ስለረገጠው ነው» ትለኛለች። ኃላፊ ስትፈልጉ ይህን ዓይነት አነጋገር አዳምጡ።

ኃላፊውን ከመረጣችሁ በኋላ ሥልጣኑን በቁጥር ስጡት። «አንተ ታውቃለህ» ማለት ሥልጣን መስጠት አይደለም፤ ወጥመድ ነው። የኔዋ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ እስከ 5,000 ብር ሳትጠይቂ ትገዣለሽ። እስከ 50 እንጀራ ተመላሽ ሳትጠይቂ ትቀበያለሽ። ለአንድ ቀን ሰው ማሰናበትና ተተኪ መጥራት ትችያለሽ። ዋጋ መቀነስና አዲስ ዱቤ መስጠት ግን የኔ ነው። አራት መስመር ናት። ስልኬ የቀነሰው በዚህች ወረቀት ነው።

ተሳስታ ስትወስንስ? ትሳሳታለች። አንድ ጊዜ 5,000 ብር የማይረባ የማዳበሪያ ከረጢት ገዛችበት። ሰው ፊት አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ማታ ብቻችንን ሆነን «በሚቀጥለው ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ያን ቀን ብቆጣ ኖሮ በነጋታው 14ቱ ስልክ ይመለስ ነበር።

ሕጉን አትርሱት፤ ትልልቅ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ 1.75። ሌሊት ለምንሠራ ሰዎች ይህቺ ሩብ ቀላል አይደለችም፣ የአንዷን ዋጋ ስታሰሉ ትግባ። ጡረታም አለ፤ ከሠራተኛው 7፣ ከእናንተ 11 በመቶ። 10,000 ብር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ለእናንተ 11,100 ነው።

ዘመድ መቅጠርን በተመለከተ «በፍጹም» አልልም፣ የኔም ሾፌር የአጎቴ ልጅ ነው። ግን ውል ይፈርም፣ ደሞዙ ከሌላው ሾፌር እኩል ይሁን፣ አለቃው እናንተ አትሁኑ። ለኃላፊዋ ነው የሚያመለክተው። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ዘመድ ነን፣ መኪናው ላይ ግን ሾፌር ነው። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ አሁን ተላመደው።

ሳምንታዊ ስብሰባ ሰኞ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ቆመን። ሦስት ቁጥር ብቻ፦ ስንት ተጋገረ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ብር ገባ። ቁጥሩን የምታነበው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

6. ብሩ ከየት ይምጣ?

ብር ከመፈለጋችሁ በፊት ያላችሁን ቤት ሙሉ። ምጣዶቻችሁ ከ24 ሰዓት ስንቱን ይሠራሉ? የኔዎቹ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ባዶ ናቸው። ሁለተኛ ፈረቃ መጨመር ምንም ኪራይ አይጠይቅም። ተመላሹን ድርቆሽ ማድረግ ደግሞ የምትጥሉትን ብር ማንሳት ነው፤ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ዱባይ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የማይገባበት ጊዜ የለም። ኤክስፖርትን የሚያልም ሰውም ብዙ ነው። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲከለከል የተጋገረው እንጀራ ስላልተከለከለ በአውሮፕላን ሲላክ ኖሯል፣ መንገዱ አለ። ግን እዚህ ከተማ ውስጥ 40 እንጀራ የሚመለስበት ቤት ውቅያኖስ ቢሻገር የሚመለሰው ስንት ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ከዚያ በኋላም ካስፈለጋችሁ፣ ለእያንዳንዱ ነገር የሚስማማውን ብር ፈልጉ። በዓመት ተኩል ዋጋዋን የምትመልስ ዕቃ፣ ምጣድ በሉት፣ ለእቁብ ትስማማለች፤ ዕጣው ሲደርሳችሁ ትገዛላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ትጥላላችሁ። ቅድሚያ ኪራይ፣ ትራንስፎርመርና ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ማስገቢያ፣ ዕድሳት፣ እነዚህ ዓመታት የሚፈጁ ወጪዎች ናቸው፤ በአጭር ጊዜ ብድር አትንኳቸው። እኔ የሰሚቱን ኪራይ በስድስት ወር በሚመለስ የሰው ብር ከፈልኩ። ሒሳቡን እናንተው ገምቱት።

ባንክ ጥሩ ነው፣ መያዣ ካላችሁ። ግን በዕቅዳችሁ ላይ «ባንክ ይፈቅዳል» ብላችሁ አትጻፉ። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ፣ ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሟል። ገደቡ በኋላ ላላ፤ በናንተ ቀን እንዴት እንደሚሆን ግን የሚያውቅ የለም።

ሸሪክ? ከመጋባት በፊት መፋታትን ጻፉ። ማን በየቀኑ ይሠራል፣ ለሚሠራው ደሞዝ አለው ወይ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት ይገመታል፣ ቢሞት ወራሹ ኩሽና ይገባል ወይ። ሸሪክ ሳትፈልጉ የግል ንብረታችሁን ከሥራው ዕዳ መለየት ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ 1243) ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ፈቅዷል። ከዚህ በፊት ለወጉ ያህል የሚስት ወይም የወንድም ስም ይለጠፍ ነበር። የሒሳብ ባለሙያችሁን ጠይቁ፣ ግብሩም ስለሚለወጥ።

7. ሳትከራዩ ሞክሩ፣ የምትዘጉበትን ቀን አስቀድማችሁ ጻፉ

ቦታው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ቤት መከራየት አያስፈልግም። ሰሚት ላይ ገበያ አለ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ለስምንት ሳምንት ከጎተራ እየጋገራችሁ በመኪና አድርሱ። አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጥግ ለምኑ። ማጓጓዣው ትርፋችሁን ሊበላው ይችላል፤ ይብላው፣ የጥናት ወጪ ነው። ስምንት ሳምንት ሙሉ በቀን 400 የማይሸጥ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ለጥፋችሁ ቤት ብትከፍቱም ተአምር አይመጣም።

ከሸጠ ክፈቱ። ግን ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የብር መጠንና ቀን። «ይህ ቤት ከ400,000 ብር በላይ ከበላ፣ ወይም እስከ ሰኔ 30 ራሱን ካልቻለ፣ እዘጋዋለሁ።» ለባለቤታችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው ፈርማችሁ ስጡት። ሲከፈት ስሜት ነው፣ ሲከስር ደግሞ እልህ ነው የሚያሽከረክረው፤ ወረቀቱ የተጻፈው ግን ሰላም በነበራችሁበት ቀን ነው። እኔ ይህ ወረቀት ቢኖረኝ ሰሚትን በአራተኛው ወር እዘጋው ነበር። ሦስቱን ወር ያስቀጠለኝ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ብቻ ነው። አከራዬም የቀረውን ቅድሚያ ኪራይ አልመለሰልኝም፣ ውሉ ላይ የመውጫ አንቀጽ ስላልነበረ። እናንተ አስገቡ፦ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መልቀቅ፣ የቀረው ኪራይ እንዲመለስ።

አሁን እንደገና ልሞክር ነው። ባለፈው ወር ለሦስተኛ ጊዜ አሥር ቀን ጠፋሁ። በአሥሩ ቀን ስልኬ የጮኸው አራት ጊዜ ነው፣ ሦስቱ የባንክ ፊርማ ነበር። አራተኛው የኃላፊዋ ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት፤ ደንግጬ ተነሣሁ። «መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር አስነሥተን ጨርሰናል፣ እንዳትሰማ ከሌላ ሰው ብዬ ነው» አለችኝ። ሰሚት ላይ የስምንት ሳምንቱ ሙከራ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ በቀን 310 ላይ ነን። ወረቀቱ ሚስቴ ጋ ነው።